በጎመን ቅጠል ላይ የተነሳ ሙግት

ሰው በርስት ይሟገታል፣ በድንበር ይሟገታል፣ በጠፋ በግም ሲሟገት አይቻለሁ። እኔ የተሟገትኩት በውሃ ጠብታ ነው። ያውም የኔ ባልሆነ ጎመን ላይ ባረፈ ጠብታ፣ የኔ ያልሆነች በቅሎ አስይዤ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ያን ጊዜም ከኔ በስተቀር ያልሳቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው አዳማ ነው፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት። አዳማን ያን ጊዜ ከተማ ያሰኛት ባቡሩ ነበር። ባቡር በሚመጣበት ቀን ሰው ሁሉ ኩታውን አራግፎ ይወጣል፤ ባቡሩ ሲሄድ አቧራው ተመልሶ ኩታው ላይ ያርፋል። እኔ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ማለቴ ነው፣ የሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ። የነጋዴውን ቆዳና ቡና ሚዛን ላይ አስጭኜ ክብደቱን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ የጭነት ዋጋ የሚከፈለው በክብደት ስለሆነ ነጋዴውም "ሰረቅከኝ" ብሎ ጮክ ብሎ ይመልስልኛል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ገብቼ ትንሽ ፈረንሳይኛና ትንሽ ሒሳብ ቀማምሼ ነበር። "ትንሽ" የምለው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ያልተማርኩት ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

የጣቢያው ሹም ፈረንጅ ነው። ስሙ ለአፍ ስለማይመች ሁላችንም "ሙሴ" እንለዋለን። ሙሴ ከጣቢያው ጓሮ ወይን ተክሎ፣ ወይኑን በሽታ እንዳይበላው ሰማያዊ መድኃኒት በውሃ እየበጠበጠ ይረጨዋል። መድኃኒቱ ግን ቅጠሉ ላይ አልቀመጥ አለ። እየተንከባለለ መሬት ይወርዳል፤ ከበሽታ የዳነው መሬቱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይተወው ነበር። ሙሴ ግን ተሳደበና ወረቀት አወጣ። አንዷ ጠብታ ቅጠል ላይ ቁጭ ብላ ስትቀር ሌላዋ የምትሮጠው ለምንድነው? ይህ በሒሳብ የሚታወቅ ነገር ነው አለ። ከዚያ በኋላ እሱ ያሰላል፣ እኔ በዶሮ ላባ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠብኩ ቅጠል አዘነብላለሁ። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ የተጨመረልኝ ነገር የወገብ ሕመም ነበር።

የሒሳቡን ፍሬ ነገር ልንገራችሁ። አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ጠብታን ወደ ታች የሚጎትታት ክብደቷ ነው። ቅጠሉ ላይ ይዞ የሚያስቀራት ደግሞ ከሥሯ ቅጠሉን የነካችበት ዳር ነው። ጠብታዋ በወርዷ እጥፍ ብታድግ የሚይዛት ዳርም እጥፍ ያድጋል። ክብደቷ ግን ወርዷም ርዝመቷም ከፍታዋም አብረው ስለሚያድጉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የትልቋ ጎታች በረታ፣ ያዧ ደከመ ማለት ነው። ቅጠሉ ትንሽ ዘንበል ሲል ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ትንሿ ግን ቅጠሉን ብታቆሙትም ሙጭጭ ብላ ትቀራለች። ሙሴ ይህን በፈረንጅ ፊደል ጻፈው። እኔ ክብደቷን "ሀ"፣ የሚይዛትን ዳር "ለ"፣ የቅጠሉን መዘንበል "መ" ብዬ ወደ አማርኛ ገለበጥኩትና የኔ ያህል ወደድኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤት ይሮጣል፣ እኔ ወደ ጉሎ ዛፍ እሮጣለሁ። ሰው ሲያነጋግረኝ ዓይኔ ከትከሻው በላይ ባለው ቅጠል ላይ ነው። ከቅጠል ሁሉ ደግሞ ለሒሳብ የሚመቸው የጎመን ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ጎመን በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም ስላለው ጠብታ ክብ ሆና ትቆምበታለች። የአዴ ጫልቱ ጎመን ቦታ ደግሞ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም። አዴ ጫልቱ ደግ ሴት ናቸው። ማለዳ ማለዳ እየመጣሁ ጎመናቸው መሃል ስንበረከክ መጀመሪያ ሌባ ነው ብለው አሰቡ፣ ቀጥለው እብድ ነው ብለው አሰቡ፣ በመጨረሻም ተዉኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልቤ ከሒሳብ ሌላ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ የባላምባራስ ተክሌ ልጅ ብርቄ። አንድ ቀን ከአባቷ አሽከር ጋር የስኳር ጆንያ ልትረከብ ለገሃር መጣች። ክብደቱን ስጠራ አቋረጠችኝና "አሳንሰህ አነበብከው" አለችኝ። ብዙ ሰው "አበዛህ" ብሎኛል፤ "አሳነስክ" ያለኝ ከሷ በፊት አልነበረም። ዞሬ ባየው እውነቷን ነው። እዚያው ሚዛኑ አጠገብ አለቀልኝ። እሷም ከዚያ በኋላ ስኳር ባይኖርም ባቡር ለማየት መምጣት አበዛች።

ሞጆ ያለው አጎቴ ሽማግሌ ሆኖ ሊጠይቅልኝ ተስማማ። እሑድ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በግራጫ በቅሎው ሊመጣ ተቆረጠ። አንድ ሀብታም ቡና ነጋዴ ደግሞ በማግስቱ ሽማግሌ እንደሚልክ ወሬው ስለደረሰን ከእሑድ ሌላ ቀን የለንም። አጎቴ ጠበቅ አድርጎ ያዘዘኝ አንድ ነገር ነበር። እስከ እሑድ ድረስ ባላምባራስ ፊትህን እንዳያዩ፣ ድምፅህን እንዳይሰሙ አለኝ። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ከአማቱ ዓይን መሸሽ ወጉ ነው፤ ባላምባራስ ደግሞ ደፋር ልጅ አይወዱም ይባላል። እኔ ጨዋነቴን ላሳይ እስከ ቅዳሜ ማለዳ ድረስ በጓሮ በጓሮ እየሄድኩ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጥቅምት ነው፣ ጤዛው ጎመኑ ላይ ተሰድሯል። እንደ ልማዴ መሃሉ ገብቼ ተንበርክኬያለሁ። ባላምባራስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ከባለሱቁ ከሐጂ ኡመር ጋር እያወጉ በአጥሩ ጥግ መጡ። "አካም ቡልተን አዴ ጫልቱ" ብለው በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ሰጥተው ቆሙ። እኔ ጎመን ሥር ተጋደምኩ። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ጥፋት የለም። ደግሞም ዝም ብዬ ተጋድሜ ብቀር ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ባላምባራስ ጤዛውን በዘንጋቸው እያሳዩ ሐጂን ማስረዳት ጀመሩ። ከባድ ነገር ረግቶ ይቀመጣል፤ ይኸው ትልቋ ጠብታ ተደላድላ ተቀምጣለች፣ ቅጠሉ ዘንበል ቢል የሚሸሹት እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው አሉ። ሐጂ "እውነት ብለዋል" አሉ። አዴ ጫልቱም እውነት ነው አሉ። እኔ ሥር ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ባላምባራስ ግን ይህንኑ ነገር ደገሙት። ሲደግሙት ጊዜ ጉልበቴ ከኔ ፈቃድ ውጭ ተነሳ። ከጎመኑ መሃል ጭቃ እንደተቀባሁ ብድግ አልኩና "የለም፣ ተሳስተዋል፤ ቀድማ የምትሄደው ትልቋ ናት፣ በሒሳብ የታወቀ ነው" አልኩ።

ሐጂ "ያ አላህ" ብለው ወደ ኋላ አሉ። ባላምባራስ አልደነገጡም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ አላወቁኝም፣ የጣቢያ ሰው መሆኔን ግን ከለበስኩት ኮት ለዩ። በሰው ፊት፣ ያውም ከጎመን ውስጥ በወጣ ሰው "ተሳስተዋል" መባል ለሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ኩታቸውን አጣፉና "በሕግ አምላክ! በቅሎ አግብቼ እሟገትሃለሁ" አሉ። ያን ጊዜ በቅሎ ያገባ፣ ማለትም ያስያዘ፣ ሰው ሲሸነፍ በቅሎዋን ያጣል፤ ተሟጋቹም አቻውን ማስያዝ አለበት። እኔ እንኳን በቅሎ የበቅሎ ልጓም የለኝም። "አግብቻለሁ" አልኩ። ሞጆ ያለችው ግራጫ በቅሎ ታየችኝ፤ አጎቴ ግን አልታየኝም።

ዳኛ ያን ጊዜ ሩቅ አይፈለግም። ሁለታችንም ሐጂ ኡመርን መረጥን። የሐጂ የመጀመሪያ ሥራ እንደ ደንቡ የኔን ኩታ ጫፍ ከባላምባራስ ኩታ ጫፍ ጋር መቋጠር ነበር። ተሟጋቾች ፍርድ እስኪሰጥ እንዲህ ተቋጥረው ይቆያሉ፣ አንዱ አንዱን ጥሎ እንዳይጠፋ። ዋስ የጠራ ይፈታል። ለባላምባራስ ዋስ የሚሆን ሰው ሞልቷል። ለኔ ግን ሐጂ አጥሩ ዙሪያ የተሰበሰበውን ሰው "ለዚህ ማን ይዋሳል?" ብለው ቢጠይቁ ሁሉም ቆዳውን እኔ ዘንድ ያስመዘነ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። አንድም ዋስ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ደረቀ። ውሃ ከእንስራ ቀድተን አሁኑኑ እንየው ብል ባላምባራስ እምቢ አሉ። ዳኛ ፊት የሚቀርበው ምስክር እግዚአብሔር ያወረደው ጤዛ ነው እንጂ አንተ በላባ ያንጠባጠብከው ውሃ አይደለም አሉ። ሐጂም ነገሩን መዘኑና ለነገ ማለዳ ቀጠሩን። እንግዲህ አስቡት። እንዳያዩኝ የሸሸኋቸው ሰውዬ ኩታ ላይ ተቋጥሬ እስከ እሑድ ልቆይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የባቡሩ ሰዓት ነበር። ሚዛኔን ትቼ ልቀር አልችልም፣ ያለ ባላምባራስም መሄድ አልችልም። በመንገድ እሳቸው ረጅም ናቸው፣ ይራመዳሉ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ እሮጣለሁ። ለገሃር ስንደርስ ሙሴ ኩታችንን አየና ምን እንደሆነ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። የጠብታውን ሒሳብ እየተሟገትኩበት ነው አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ባላምባራስ ቆመው ደከማቸውና ሳላያቸው ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። የመጀመሪያው ነጋዴ ቆዳ በአንድ ሌሊት የባላምባራስን ያህል ከበደ። ነጋዴው ሊጮህ አፉን ከፈተና እሳቸውን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ቆይተው ሥራው ጣማቸውና ክብደቱን ራሳቸው ይጠሩ ጀመር። በሥራ ዘመኔ ሌባ ሳልባል የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምሳ እቤታቸው ሆነ። የፈራሁት እሱን ነበር። በሩ ላይ ብርቄ ቆማለች። አባቷን አየች፣ ቋጠሮውን አየች፣ በቋጠሮው ጫፍ እኔን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከጓዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ለእጩ አማትና ለእጩ አማች በአንድ ማስታጠቢያ ውሃ ስታፈስ እጇ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው ግማሹ ጉልበቴ ላይ ነው። ከአማት ጋር አንድ ገበታ መቅረብ የማይታሰብ ነገር ነው። ግን ተቋጥሬ የት ልቅረብ? የታሰረው በቀኝ ትከሻዬ በኩል ስለሆነ እሳቸው በጎረሱ ቁጥር የኔ እጅ ከሳህኑ ይነሳል። ይህን ሲያዩ አዘኑልኝና አጎረሱኝ። ተሟጋቹን የሚያጎርስ ባላጋራ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ሆዳቸው ሲሞላ ወሬ አማራቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል አሉኝ። የሚናገሩትን ሁሉ ሰው "እውነት ብለዋል" እያለ ያሳልፈዋል። ብርቄ ብቻ አልፎ አልፎ ትቃወማቸዋለች፤ እሷም ሰው ፊት ታፍራለች። በዚህ አገር በአደባባይ "የለም" ያልከኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ አሉኝ። ተቆጥተው ይሁን ሌላ ነገር ይሁን ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም። ቀጥለው ነገ ከሞጆ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ነገሩኝ። አንድ ልጅ ብርቄን ይጠይቃል፤ አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ትልቅ ሰው የሚያከብር ጨዋ ነው ተብሏል። "አንተ ግን ከዚህ ዓይነቱ ልጅ ብዙ ትማር ነበር" አሉኝ። የጎረስኩት አልወርድ ብሎኝ ደረቴን መታሁ።

ከሰዓት በኋላ ሒሳቡን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። አመድ መሬት ላይ በትነው በጣትህ ጻፍ አሉኝ። "ሀ"ን ጻፍኩ፣ "ለ"ን ጻፍኩ፣ "መ"ን ጻፍኩ። ፊደል ዳዊት ለመድገም ነው እንጂ ጠብታ ለመመዘን ነው ወይ ብለው መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ጠየቁ፣ ደግመው ጠየቁ፣ አመዱን አጥፍተው እንደገና አስጻፉኝ። ስለ ጎመኑ ሰምም ነገርኳቸው። ነጩ ዱቄት በጣት ቢጠረግ ጠብታዋ ክብ መሆኗ ይቀራል፣ ተዘርግታ ትጣበቃለች፣ ሒሳቡም አብሮ ይበላሻል አልኩ። ብርቄ ከበስተኋላችን ቆማ ስትሰማ ቆይታ "እጥፍ ሲሆን ስምንት የሚሆነው ለምንድነው? አራት አይበቃም?" አለች። ሁለታችንም ዞረን አየናት። ለሷ ሳስረዳ ግን "መ"ን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ። ሌሊቱን አልተርክም፤ ባላምባራስ ያንኮራፋሉ፣ እኔም እንደማንኮራፋ ነገሩኝ።

እሑድ ማለዳ አገሩ ሁሉ አዴ ጫልቱ ጎመን ቦታ ተገኘ። የቆመበት ቦታ ያጣ ጎመን ላይ ቆመ። አዴ ጫልቱ "ማሎ፣ ማሎ" እያሉ በኦሮምኛ እየለመኑ ከወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ሴቶቹ ከአጥሩ ማዶ ናቸው፣ ብርቄም ከነሱ ጋር። ሐጂ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቅጠል ይመረጥ ሊሉ ሲሉ ከሕዝቡ ኋላ ግራጫ በቅሎ ብቅ አለች። በላይዋ አጎቴ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሽማግሌዎች። ባላምባራስን እቤታቸው አጥተው ነው የመጡት። አጎቴ ቋጠሮውን አየና ከበቅሎዋ ሲወርድ እርካቡን ሳተው።

ባላምባራስ ጨዋ ናቸው፤ ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ አቁመው አይሟገቱም። ሙግቱ ይቆየኝ ብለው ዳኛውን አስፈቀዱና ጉዳያቸውን እዚያው እንዲናገሩ ጋበዟቸው። አጎቴ ከበቅሎዋ ኋላ ተጠጋ። ሁለቱ ጎረቤቶቹ ግን እኔን በመልክ አያውቁኝም። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጀመሩ። ልጁ ዝምተኛ ነው አሉ። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ አያይም አሉ። ክርክር የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ብለው ማሉ። ሕዝቡ እየተገፋፋ ያዳምጣል። ባላምባራስ ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌው በኩራት "ለገሃር የሚዛን ሠራተኛ ነው" አሉ።

አዳማ ውስጥ ያለው ሚዛን አንድ ነው። ሠራተኛውም አንድ። ባላምባራስ ቀስ ብለው ዞሩና ከቋጠሮው ወዲህ ያለውን ሰው አዩ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረው "ዳኛ፣ ሙግቱ ይቀጥል" አሉ።

እኔ እንግዲህ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቶሎ አስቤ አላውቅም። ባሸንፍ የሚረቱት የብርቄ አባት ናቸው፣ በቅሎዋ የሳቸው ናት፣ አገር በሙሉ እያየ። በቅሎውን ላሳጣው ሰው ልጁን የሚሰጥ የትኛው አባት ነው? ብሸነፍ ግን አጎቴ በእግሩ ሞጆ ይሄዳል፤ ይሂድ። ሒሳቡም ይውደቅ፤ ሙሴም ይቀየመኝ። ቅጠል ምረጥ ስባል ትልቅና ትንሽ ጠብታ የያዘ ሰፊ ቅጠል ያዝኩ። ትል የማነሳ መስዬ ከትልቋ ጠብታ ሥር አውራ ጣቴን አሳለፍኩበት። ነጩ ዱቄት ተጠረገ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ማንም አላየም ብዬ ነው።

ሐጂ ቅጠሉን ከነአገዳው ይዘው ዘንበል አደረጉት። ትልቋ ጠብታ ትንሽ ተንሸራተተችና ጣቴ ያለፈበት ላይ ስትደርስ ተዘረጋች። ቆመች። ሐጂ ጨመሩ፣ እሷ አልተነቃነቀችም። ሕዝቡ ሁሉ ለባላምባራስ አጨበጨበ። እኔም ፈጠን ብዬ "ባላምባራስ እውነት ብለዋል፤ ከባድ ነገር ረግቶ ይቀመጣል። ተረትቻለሁ" አልኩ። አንገቴንም ደፋሁ፣ ሽማግሌው እንደማሉልኝ።

ባላምባራስ ቅጠሉን ከሐጂ እጅ ወሰዱና ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት። አረንጓዴዋን መንገድ በጣታቸው ተከተሏት። እንደዚያ ተቆጥተው አላየኋቸውም። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"ትናንት ተቃውመህ ሰደብከኝ፤ እሱን ችዬዋለሁ። ዛሬ ተስማምተህ ሰደብከኝ። ከቤቴ አስገብቼ ያጎረስኩህ ሌላ ሰው ነው። አሁን እንደ ትናንቱ ተሟገተኝ።"

ጆሮዬ ጋለ። ሰው ሲዋሽ ተይዞ ማፈር ያለ ነው፤ እኔ ያፈርኩት ግን ሽማግሌ ሰው እውነቱን እየለመነኝ የከለከልኩት መሆኑ ነበር። ባላምባራስ ራሳቸው ሌላ ቅጠል መረጡ። ትልቅ ጠብታ፣ ትንሽ ጠብታ፣ ጣት ያልነካው። "ተናገር" አሉኝ። ተናገርኩ። ያው የሒሳቡ ፍቅር ያዘኝና ስለ "ሀ" እና ስለ "ለ" ጎመኑ መሃል እጄን እያወናጨፍኩ አገሩን አስተማርኩ። ክብደቷ ስምንት እጥፍ፣ መያዣዋ እጥፍ ብቻ፣ የሐጂ ሱቅ የጣሪያ ቆርቆሮ ያህል ዘንበል ሲል ትልቋ ትሄዳለች፣ ትንሿ ትቀራለች አልኩ። ከሞጆ የመጡት ሽማግሌ አጎቴን "ይሄ ተከራካሪ ማነው?" ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ። አጎቴ ዞሮ የበቅሎዋን ኮርቻ ማስተካከል ጀመረ።

ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ዘንበል አደረጉት። ትልቋ ጠብታ ሄደች፤ ሄደችና የቅጠሉ ጅማት ላይ ስትደርስ ቆመች። ሒሳባችን ውስጥ ጅማት የሚባል ነገር አላስገባንም ነበር። እኔ ሙሴን በልቤ ረገምኩት። ሐጂ እጃቸውን ትንሽ ጨመሩ። ጠብታዋ በጅማቱ ጥግ የተቀመጠች ደቃቅ ጤዛ ነካች፣ ዋጠቻት፣ ወፈረች፣ ጅማቱን ተሻገረችና እየተንከባለለች መንገዷ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እየዋጠች መሬት ወረደች። ትንሿ ከላይ እንደተቀመጠች ናት። ሐጂ ቅጠሉን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ አሁንም እንደተቀመጠች ናት።

ሐጂ ፈረዱ። ባላምባራስ ተረቱ፣ በቅሎዋን አጡ። የመወራረጃው በቅሎ ለዳኛ የሚገባ ነው፤ ሐጂ ግን ዙሪያውን አዩና አንድም የቆመ ጎመን አጡ። በቅሎዋን ለአዴ ጫልቱ ሰጧቸው። አዴ ጫልቱ ለተረገጠው ጎመን እያለቀሱ ለመጣችው በቅሎ እልል አሉ። አጎቴ የራሱን በቅሎ አንገት አቅፎ ቆመ፤ ምን ሊያጣ እንደነበር የነገረው ሰው አለ ማለት ነው።

የቀረው የኔ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ አፍረዋል፣ ቀጠሮ እንኳ ለመጠየቅ አፋቸው አልላቀቅ ብሏል። ባላምባራስ ወደነሱ ዞሩ።

"የጠየቃችሁኝን ልጅ፣ ያን ዝምተኛውን፣ አላውቀውም። ለሱ የምሰጠው ልጅ የለኝም" አሉ።

አጎቴ የበቅሎዋን ልጓም ጨበጠ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ አሁን የምር ነው። ኩታዬ ሳብ ሲደረግ ቀና አልኩ። ባላምባራስ የራሳቸውን ጫፍ ይፈታሉ። ቋጠሮው ስለጠበቀ በጥርሳቸው ጭምር ታገሉት። ከፈቱት በኋላ የኔን ጫፍ እንደያዙ ወደ አጥሩ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ። ብርቄ ፊት ቆሙና ጫፉን ሰጧት።

"እኔን ረትቶኛል። ከእንግዲህ አንቺ ተሟገቺው።"

ተቀበለች። ሳቋ ጠፍቶ ነበር። በጣቷ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። ሐጂ ከወዲያ ሆነው ፍርዱ አልቋል፣ ቋጠሮው ይፈታ ብለው ተጣሩ። ብርቄ የኔ ሙግት ገና አልተጀመረም አለች። ስንቱን ዘመን በሷ ቤት ተከሳሽ ሆኜ ኖርኩ፤ እስካሁን አንድ ቀን ረትቻት አላውቅም።